በሳንቃው ፊት የምትቆመው ምራት

አማትና ምራት ቢላ ተማዘዙ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነው። በዚህ ቤት ግን ነገሩ ቃል በቃል እውነት ነበር፤ ያውም እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ወንበር ስቦ ተቀምጦ እያየ፣ ሲያልቅም እያጨበጨበ። ወርዋሪው አማት ናቸው፤ በሳንቃው ፊት ቆማ የምትጠብቀው ምራት። ጎረቤቶች «የእነሱ ቤት ፍቅር ስለት አለው» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ምራቲቱን ለሚያውቁ ሰዎች ነገሩን ይበልጥ እንግዳ የሚያደርገው ሥራዋ ነው። በአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ፣ በሕይወት ዋስትና ክፍል፣ ሥጋት ገምጋሚ ነበረች። አንድ ሰው ለሕይወቱ ኢንሹራንስ ሊገባ ሲመጣ፣ ይህ ሰው ሳይታሰብ የመሞት ዕድሉ ምን ያህል ነው ብላ የምትመዝነው እሷ ናት። ያጨሳል ወይ? አባቱ በምን ሞተ? በእረፍት ቀኑ ምን ያደርጋል? ገደል የሚወጣ፣ በገመድ ታስሮ ከድልድይ የሚዘል፣ ሞተር የሚጋልብ ከሆነ በየጊዜው የሚከፍለው አረቦን ላይ ትጨምርበታለች፤ ሲብስም ማመልከቻውን አይሆንም ብላ ትመልሳለች። በሥራዋ የተመሰገነች ነበረች። ፋይሉ ቶሎ እንዲያልቅለት የቸኮለ ሁሉ ጠረጴዛዋ ዘንድ ሲደርስ «ቆይ እስቲ» ትለውና መነጽሯን ወደ ግንባሯ አውጥታ ሁለት ገጽ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ቢሮው ውስጥም ስሟ «ቆይ እስቲ» ሆኖ ቀረ። ሊፍቱ ከሞላ በደረጃ የምትወርድ፣ ሻይዋን ሳትነፋበት የማትቀምስ፣ ሰማዩ ሳይጠቁር ጃንጥላ የምትይዝ ሴት ናት።

አማቷ ደግሞ ከተማ ለከተማ በሚዞር ሰርከስ ውስጥ ቢላ ሲወረውሩ የኖሩ ሰው ናቸው። የመድረክ ስማቸው «ባለ አሥራ ሁለቱ» ነበር፤ አሥራ ሁለት ቢላ በአንድ ሰው ዙሪያ ሰክተው፣ ሰውየውን ጫፉን ሳይነኩ ስለሚጨርሱ። ያ «አንድ ሰው» ምንጊዜም ሚስታቸው ነበሩ። ሰርከሱ ሲፈርስ ባልና ሚስቱ በየሠፈሩ አዳራሽ እየዞሩ ቀጠሉ፤ ሚስቲቱ በሳንባ ምች እስካረፉ ድረስ። ከቀብሩ በኋላ ሽማግሌው ልብሳቸውን በአንድ ሻንጣ፣ ቢላዎቹን በአንድ ሳጥን፣ ወፍራሙን ሳንቃ በጭነት መኪና አድርገው ልጃቸው ቤት ገቡ።

ልጃቸው፣ ማለትም የገምጋሚዋ ባል፣ መነጽር ሠሪ ነው። ልጅነቱን በድንኳን ጀርባ ስላሳለፈ የሰርከስ ነገር ሲነሳ ወሬ ይለውጣል። እናቱ በሳንቃው ፊት ሲቆሙ አንድ ቀን እንኳ ዓይኑን ገልጦ አላየም። «መነጽር ሠሪ የሆንኩት» ይላል፣ «እኔ ያላየሁት ስለበዛ፣ ሌላው ሰው እንኳ ጥርት አድርጎ እንዲያይ ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ልጃቸው ቤት ከገቡ በኋላ ሰው መሆናቸው ቀረ። ሾርባው ፊታቸው ላይ ይቀዘቅዛል። ሬዲዮ ይከፍታሉ፣ አይሰሙም። ሲጠሩ «አቤት» ይላሉ፣ አይመጡም። አንድ እሁድ ጠዋት ግን ገምጋሚዋ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ ሳንቃውን ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ ጋር አስደግፈው መወርወር ጀመሩ። ድው፣ ድው ይላል። እሷም እርጥብ አንሶላ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ቢላዎቹ ተሰክተው ሲያልቁ በሳንቃው ላይ የሰው ቅርጽ ሠርተዋል፤ ከእሷ አጠር ያለች፣ አንገቷን ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል ያደረገች ሴት። መሐሉ ባዶ ነው።

«አባባ፣» አለች፣ «ሰው ቆሞ ሳለ ስተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«ቆይ እስቲ። ጭራሽ?»

«አንድ ጊዜ የቀሚሷን ጫፍ ከሳንቃው ጋር ሰፍቼባታለሁ። ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። ስለ ሕይወቷ አይደለም፣ ስለ ቀሚሱ።»

አንሶላውን ገመዱ ላይ ጣለችና መጠየቅ ጀመረች። ቢላው ከእጅዎ ወጥቶ ሳንቃው እስኪደርስ ስንት ጊዜ ይገለበጣል? ነፋስ ቢኖርስ? ቢያስነጥስዎትስ? እሷ ብታስነጥስስ? ከመወርወርዎ በፊት ምን ይበላሉ? ሽማግሌው መጀመሪያ በአንድ በአንድ ቃል መለሱ፤ ቀጥሎ በእጃቸው እያሳዩ፤ በመጨረሻም ከሳንቃው ወደ መወርወሪያ መስመራቸው፣ ከመስመሩ ወደ ሳንቃው እየተመላለሱ። «እንዲህ ዓይነት ምርመራ ፖሊስ ጣቢያም አልገጠመኝ» ብለው ሳቁ። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር። ሳቁን የሰማው ልጃቸው የጥርስ ብሩሹን አፉ ውስጥ እንደያዘ ወደ ጓሮ ወጣ።

ያን ቀን አልቆመችም። እሷ ማለት እንዲህ በአንድ ጠዋት የምትወስን ሰው አይደለችም። ወራት ወሰደባት። በመጀመሪያ በትራስ ላይ ሲወረውሩ እያየች ቆየች። ከዚያ ሁኔታዎቿን አስቀመጠች፦ የሽማግሌው ዓይን በየሦስት ወሩ በልጃቸው ሱቅ ይታያል፤ ጉንፋን በያዛቸው ቀን አይወረወርም፤ ቤት ውስጥ ጠብ ባለበት ቀን ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። ባልዋ ይህን ሲሰማ ሁለት ቀን አላናገራትም። በሦስተኛው ቀን «አንቺ ነሽ ይህን የምትዪው? ዳቦ መጥበሻውን ሶኬት ሁለት ጊዜ ሳታዪ ከቤት የማትወጪው?» አላት። እሷም «አባትህ ትናንት ሾርባቸውን ጨርሰዋል፤ ደግሞም ጨምሪልኝ ብለዋል» አለችው። እሱም የሳንቃውን ጥንካሬ ሊፈትሽ ወደ ጓሮ ወጣ።

ሳንቃው ፊት ስትቆም የተሰማት ነገር ራሷንም አስገረማት። ሳምንቱን ሙሉ ሊመጣ የሚችለውን ክፉ ነገር ሁሉ ስትቆጥር የምትውል ሴት፣ እዚያ የሚጠበቅባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አለመንቀሳቀስ። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ የሌላ ሰው ሥራ ነው። የመጀመሪያው ቢላ በጆሮዋ አጠገብ ሲሰካ የሳንቃው ንዝረት ጀርባዋን ኮረኮራት። ሲያልቅ ዕረፍት ወጥታ የተመለሰች ይመስል ትከሻዋ ቀልሎ ነበር።

ቀስ በቀስ ከጓሮው ወጡ። መጀመሪያ የአረጋውያን መኖሪያ፣ ከዚያ የሠፈር አዳራሽ፣ ከዚያ ትምህርት ቤቶች ለቤተ መጻሕፍታቸው መዋጮ የሚሰበስቡበት ዝግጅት። እሷ አረንጓዴ ቀሚስ ትለብሳለች፤ እሳቸው ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው ለተመልካቹ እንዲህ ብለው ያስተዋውቋታል፦ «ይህች ምራቴ ናት። ሻይ አቀዝቅዛ አቅርባልኝ አታውቅም። ስለዚህ የምወረውረው ቂም ይዤ አይደለም።» ሕዝቡ ይስቃል። መነጽር ሠሪው ሳንቃውን አጓጉዞ፣ አቁሞ፣ ብሎኑን አጥብቆ ሲያበቃ ከአዳራሹ ይወጣና በሩን ከኋላው ይዘጋል።

ቢሮ ውስጥ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ደብቃ አይደለም፤ የጠየቃት ሰው ስለሌለ ነው። ቆይ እስቲን «እሁድን እንዴት አሳለፍሽ?» የሚላት ቢኖር እንኳ «ደኅና» ከሚል መልስ ሌላ አይጠብቅም።

እንዲህ እያለ የክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ሊወጡ ሆነ። ቦታው ለማን እንደሚሆን ሁሉም ያወራል፤ የሁሉም አፍ የሚያርፈው ግን በእሷ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁም ኮሪደር ላይ ሲያገኟት ሰላምታቸውን ማስረዘም ጀምረው ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ሞተረኛ ለሕይወት ኢንሹራንስ አመለከተ። የላብራቶሪ ናሙና ከክሊኒክ ወደ ክሊኒክ የሚያመላልስ ወጣት ነው፤ ሊያገባ ስለሆነ ለእጮኛው ዋስትና ሊያኖርላት ፈልጓል። ገምጋሚዋ «ሞተር» የሚለውን ቃል ስታይ እንደ ልማዷ አረቦኑን ከፍ አደረገችበት። ልጁ ተናዶ ራሱ መጣ።

«እትዬ፣ ሞተር ቁጭ ብሎ ሰው አይገድልም» አላት።

«ሰው ተቀምጦበት ነው የሚገድለው» አለችው፤ ፋይሉንም ዘጋች።

እሁድ ከሰዓት በኋላ በሠፈሩ አዳራሽ፣ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ ጀርባዋን ለሳንቃው ሰጥታ እጆቿን ስትዘረጋ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሄልሜቱን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ ወጣት ከእጮኛው ጋር ተቀምጦ አየች። እሱም አያት። አንዴ አየ፣ ዓይኑን አሸ፣ ደግሞ አየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። እሷ ምን ታድርግ? መንቀሳቀስ አትችልም።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ልጁ ኢንተርኔት ላይ የለቀቀውን ፊልም ያላየ የኩባንያው ሠራተኛ አልነበረም። ሞተረኛው ከሥሩ የጻፈው አጭር ነው፦ «ሞተር ስለምነዳ አረቦን የጨመረችብኝ ሴትዮ እሁድ እሁድ ቢላ ይወረወርባታል። ለእሷስ ማን ጨመረባት?» ሰው በየጠረጴዛው ስልክ ላይ ተደፍቶ ይስቃል፤ እሷ ስታልፍ ያስላል። ዘበኛው ቦርሳዋን ሲፈትሽ «ዛሬ ስለት የለም?» አላት። ደግነቱ ዘበኛው ሲናገር ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያልጠበቀችው ነገር መጣ። የኩባንያው ጠበቃ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆመው ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በልጅነታቸው የጀመሩት የወፍ ድምፅ ማስመሰል እንዳላቸው፣ በየዓመቱ ሩቅ ከተማ ሄደው እንደሚወዳደሩ፣ ሚስታቸው ካልሆነች በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ነገሯት። አንዱንም በቀስታ አሰሙላት፤ ሁለት ጠረጴዛ ማዶ ያለ ሰው ወደ መስኮቱ ዞረ። ቀጥሎ የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ፣ ያቺ በመሥሪያ ቤቱ ፈገግ ብላ የማታውቀው፣ መጸዳጃ ቤት አግኝታት በረጅም የእንጨት እግር ላይ ቆማ እንደምትደንስ አጫወተቻት። «ስትወድቂ ግን ያማል» አለቻት ዝርዝሩን ሳትጨምር፤ እጇንም ታጥባ ወጣች።

ሥራ አስኪያጁ ያስጠሯት ከሥራ መውጫ በፊት ነው። ትኩስ ውኃ ብቻ የሚጠጡ፣ እርሳሶቻቸውን በቁመት የሚደረድሩ ሰው ናቸው። ወንበር አሳዩዋት።

«የሰው ትርፍ ሰዓት የእኔ ጉዳይ አይደለም» አሉ። «ግን ይህ ልጅ የጠየቀው ጥያቄ ልክ ነው። እኔም ፊልሙን አይቼ ስቄ ስጨርስ ጥያቄው አልለቀቀኝም። እርስዎ ራስዎ አመልካች ሆነው ቢመጡ ምን ብለው ይወስኑ ነበር?»

«ስለ ራሴ?»

«ስለ ሌላ ሰው እንደሚያስቡት። እስከ ዓርብ ያስቡበትና ይንገሩኝ።»

አውቶቡስ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ጀመረችው። አመልካቿ አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጤነኛ ናት፤ አታጨስም። ሳንቃው ጠንካራ እንጨት ነው። ቢላዎቹ ሚዛናቸውን የጠበቁ ናቸው። መድረኩ ደረቅ፣ መብራቱ በቂ። ወርዋሪው ደግሞ… እዚህ ላይ ቆመች። ወርዋሪው ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው መቼ ታየ? ለማስታወስ ሞከረች። አውቶቡሱ ሁለት ፌርማታ አለፈ፤ አንደኛው የእሷ ነበር።

ራት ላይ ሦስቱም እንደተቀመጡ ጠየቀች።

«አባባ፣ ዓይንዎን የታዩት መቼ ነው?»

«ባልሽን ጠይቂው።»

ባልዋ ማንኪያውን አስቀመጠ። «አባዬ፣ የምርመራውን ቀን እሷ አራዝማዋለች ብለኸኝ አልነበረም?»

«እኔ?» አለች ገምጋሚዋ። «ለእኔ እኮ ልጄ አይቶኛል፣ ዓይንህ እንደ ንስር ነው ብሎኛል ነው ያሉኝ።»

ሽማግሌው ዳቦአቸውን በጥንቃቄ ቆረሱ። «ንስር ያለኝ ሌላ ሰው ሳይሆን አይቀርም» አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ሦስቱም ሄዱ። መነጽር ሠሪው አባቱን ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው፤ ሽማግሌው ትንሽ ሳል ብለው በግድግዳው ላይ ያለውን የፊደል ሰሌዳ ከትልቁ መስመር እስከ ደቃቁ ሳይደናቀፉ አነበቡት።

«አባዬ፣» አለ ልጃቸው፣ «መብራቱን ገና አላበራሁትም።»

ሰሌዳው ተቀየረ። ያን ጊዜ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆሙ። ልጃቸው በመሣሪያው ሁለቱንም ዓይን ደጋግሞ አየና መነጽሩን አውልቆ በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። የዓይን ሞራ ጀምሯል። በቀኙ ብሷል፣ በግራውም አለ።

«እኔ የምወረውረው በክንዴ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ዓይን ለተመልካች ነው።»

«እንግዲያው በክንድዎ ያሳዩን» አለች ምራታቸው።

ጓሮ ተመልሰው አረንጓዴውን ቀሚስ በትራስ ሞልታ ሳንቃው ላይ አቆመችው፤ በጭንቅላቱ ቦታ ዱባ አሰረችበት። ሽማግሌው መስመራቸው ላይ ቆሙ። የመጀመሪያዎቹ ቢላዎች በሚያውቁት ቦታ ተሰኩ፤ ክንዳቸው እውነትም የራሱ ማስታወሻ አለው። ሲቀጥሉ ግን አንዱ የዱባውን ጉንጭ ላጥ አድርጎ አለፈ። ቀጣዩ ከእንጨት ድምፅ ይልቅ የጨርቅ ድምፅ አሰማ። የብብቱ ስፌት ተከፍቶ ከትራሱ ጥጥ መውጣት ጀመረ፤ በቀስታ፣ ማንም ሳይነካው።

ሽማግሌው የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ፤ እጃቸው ላይ የቀሩትንም መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ሚስቴ ላይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጭረት አላደረስኩም» አሉ። «አንቺን ብነካሽ ኖሮ…» አልጨረሱትም። «እንዲቀርብኝ አልፈለግሁም ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም» አሉ።

እሷም አልተቆጣችም፤ ለምን እንዳልተቆጣች በኋላም አላወቀችውም። «አውቃለሁ አባባ» ብላ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ቧንቧውን ከፍታ አንዱን ብርጭቆ ደጋግማ አጠበችው። ባልዋ መጥቶ ክንዷን ያዘ። «እኔ ሁልጊዜ ከበሩ ውጭ ቆሜ ድምፁን እቆጥር ነበር» አላት። «አሥራ ሁለተኛው ሳይሰማኝ አልተነፍስም።» እሷ ይህን አታውቅም ነበር። በረኛ ሆኖ የሚያገለግል ነበር የመሰላት። ሁለቱም ትንሽ አለቀሱ፤ ከዚያ ከመስኮቱ ውጭ ሽማግሌው ዱባውን ፈትተው፣ የተላጠውን ጎኑን እያዩ ሲያጉረመርሙ ሰምተው ሳቁ። ዱባውን ማታ በሾርባ በሉት።

ዓርብ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

«ማመልከቻዬን አልተቀበልኩትም» አለች።

«ቢላ ስለሆነ?»

«ቢላው ምንም አልነበረበትም። የወርዋሪው ዓይን ደክሟል። ይህን ሳላውቅ ዓመት ቆሜያለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን በየሦስት ወሩ እጠይቀው ነበር፤ እሳቸውን ስለምወዳቸው መጠየቄን ተውኩት። ስለዚህ መቆሙን አቁሜያለሁ። የዚያን የሞተረኛ ፋይል ደግሞ ይመልሱልኝ። ሞተሩን ነው ያየሁት፣ ሰውየውን አላየሁትም።»

ሥራ አስኪያጁ ከትኩስ ውኃቸው ተጎነጩ። «ደኅና» አሉ። «አሁን እኔም ልንገርዎት፤ ከሌላ ሰው ባይሰሙት ይሻላል። ቦርዱ ፊልሙን አይቷል። አንዱ አባል ሳቀ፣ ሌሎቹ ተከተሉ። ሰው ከሳቀ በኋላ ሹመት መስጠት ይከብደዋል። ቦታው ለሌላ ሰው ሆኗል።»

«እንግዲያው ቢላው ነክቶኛል ማለት ነው።»

«ለዚህኛው ጊዜ ነክቶዎታል» አሉ፤ ሊያለባብሱት አልሞከሩም።

የተሾመው ጎን ለጎን የሚቀመጠው ባልደረባዋ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ሰኞ ጠዋት ሻይ ይዞላት መጣና «ላንቺ ነበር የሚገባው» አላት። «አውቃለሁ» አለችው፤ ሻዩንም ነፍታበት ጠጣች። አልተከፋችም ማለት ግን አይደለም። ለጥቂት ሳምንታት ምሳዋን ብቻዋን በላች፤ በምሳ አዳራሹ ሳቅ ስትሰማ ስለ እሷ ይመስላት ነበር። አንዳንዱም ስለ እሷ ነበር።

ሞተረኛውን ግን ደውላ አስጠራችው። ልጁ የሚሰደብ መስሎት ፊቱን አኮሳትሮ መጣ። እሷ ኮቷን ለብሳ «ሞተርህን አሳየኝ» አለችው። ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ መብራቱን አየች። በየጠዋቱ ምን ምን እንደሚፈትሽ ጠየቀችው፤ ልጁም ሳያስብ ዘረዘረው። ከዚያ ጎዳናው ዳር ቆማ ሠፈሩን ሲዞር ተመለከተችው። መኪኖቹ ሲያጣብቡ አይሽሎከለክም። እግረኛ ሲያይ ከሩቁ ፍጥነቱን ይቀንሳል። «ናሙና እኮ ነው የምሸከመው» አለ ሲመለስ፣ «ከፈሰሰ አንድ በሽተኛ እንደገና መወጋት አለበት።»

የጨመረችበትን አረቦን አብዛኛውን አነሳችለት። ሙሉ በሙሉ አይደለም። «መንገዱ ላይ አንተ ብቻ አይደለህም» አለችው።

ልጁ ሄልሜቱን እያገላበጠ መሬት መሬት አየ። «እትዬ፣ ያንን ፊልም ላጥፋው?»

«እንዳታጠፋው» አለች። «አማቴ እንደዚያ ሲወረውሩ የሚያሳይ ሌላ ምስል የለንም። ይልቅ ለእኔም ላክልኝ።»

የሽማግሌው ቀኝ ዓይን ቀዶ ጥገና በሰላም አለፈ። ፋሻው ሲነሳ በመጀመሪያ ያዩት ምራታቸውን ነበር። ረዘም ላለ ጊዜ አዩዋትና «አርጅተሻል» አሉ።

«አባባ…»

«እውነቴን ነው። እስከ አሁን የምወረውርባት ሴትዮ ካንቺ ቢያንስ አሥር ዓመት ታንስ ነበር።»

ዓይናቸው ቢመለስም ዳግመኛ በሰው ዙሪያ አልወረወሩም፤ ይህን ራሳቸው ናቸው የወሰኑት። ይልቅ አንድ ጠዋት አንዱን ቢላ እጀታውን ወደ እሷ አዙረው ሰጧት። «ቆመሽ ስታዪው የኖርሽውን ነገር እስቲ ከዚህኛው ወገን እዪው» አሏት። ገምጋሚዋ ምንኛ መጥፎ ወርዋሪ እንደነበረች ለመናገር የዕቃ ቤቱን በር ማየት ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ቢላው በጎኑ ይመታል፣ በእጀታው ይመታል፣ አንዴም ገመድ ላይ የተሰጣ የባልዋን ሱሪ ወግቶ አልፏል። «ሚስቴ ብትሆን ኖሮ አኩርፋ ነበር» አሉ ሽማግሌው ሱሪውን ወደ ብርሃን አንስተው ቀዳዳውን እያዩ። ትዕግሥታቸው ግን አላለቀም፤ ከጠዋት እስከ ምሳ ከአጠገቧ ቆመው ክርኗን ያስተካክላሉ፣ ትንፋሿን ያዳምጣሉ። በመጨረሻም ፊኛ መምታት ቻለች። አዳራሽ ሲመለሱ ሳንቃው ላይ ሰው ሳይሆን በቀለም በቀለሙ የተነፉ ፊኛዎች ነበሩ፤ እሷ ትወረውራለች፣ እሳቸው ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው ስትስት ያፌዙባታል፣ ስትመታ ደግሞ «እኔ ነኝ ያስተማርኳት» ይላሉ። ተመልካቹ ከድሮው ይበልጥ ይስቃል። ባልዋም አዳራሽ ውስጥ ገብቶ መቀመጥ ጀመረ፤ ፊኛ ሲፈነዳ ግን አሁንም ከሁሉም ቀድሞ የሚዘለው እሱ ነው።

በቢሮ በኩል ነገሩ የተለወጠው ባልታሰበ መንገድ ነው። አንድ ትልቅ የሕንፃ ተቋራጭ ከፍታ ላይ ብረት ለሚገጣጥሙ ሠራተኞቹ በሙሉ የሕይወት ኢንሹራንስ ፈለገ። ሌሎች ኩባንያዎች «ከፍታ» የሚለውን ሲሰሙ ወይ እምቢ ብለዋል ወይ የማይቀመስ አረቦን ጠርተዋል። የተቋራጩ ሥራ አስኪያጅ ወደዚህ ኩባንያ ደውለው «ያቺ ቢላ የሚወረወርባት ሴትዮ እናንተ ዘንድ ናት አይደል? እሷን ላኩልኝ» አሉ። አዲሱ ኃላፊ፣ ያ ባልደረባዋ፣ ስልኩን አስቀምጦ ጠረጴዛዋ ድረስ መጣ። «ይፈልጉሻል፤ በስምሽ ግን አይደለም» አላት።

ሄደች። ሄልሜት አድርጋ ቀኑን ሙሉ ግንባታው ቦታ ዋለች፤ የሚጠየቀውን ሁሉ ጠየቀች። የወጣቶቹ የደኅንነት ቀበቶ በየጠዋቱ ይፈተሻል፤ መረቡም ደኅና ነው። ቀጥላ ደግሞ «ከመካከላችሁ ሁሉም የሚያከብረው፣ ሁሉም የሚወደው ማን ነው?» አለች። ሁሉም ወደ አንድ ሸበቶ ፎርማን ጠቆሙ። «የእሳቸውን ቀበቶ ማን ይፈትሻል?» ፎርማኑ ራሳቸው ቀበቶአቸውን አወጡ፤ ማያያዣው አጠገብ ግማሹ ድርና ማጉ ተበልቷል። አንዱ ሠራተኛ አየውና ፊቱን አዞረ። በዚያው ዕለት አዲስ ቀበቶ መጣላቸው፤ ሽማግሌ ወጣት ሳይባል ሁሉም በጥንድ በጥንድ የሚፈታተሹበት ሥርዓት ወጣ፤ ኢንሹራንሱም ሰው በሚችለው አረቦን ተፈረመ። ከዚያ በኋላ መስኮት በገመድ የሚያጥቡ፣ ጠላቂዎች፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጡ። ሁሉም «ያቺን ሴትዮ» ነው የሚሉት። ሥራ አስኪያጁም ቢሆኑ «ስም አውጥተውልዎታል፣ ምን ይደረግ» ይሏት ጀመር።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ባልደረባዋ ወደ ሌላ ኩባንያ ሲዛወር ቦታው ተከፈተ፤ በዚህኛው ጊዜ ቦርዱ ብዙ አልተከራከረም። መጀመሪያ የሳቀው የቦርድ አባል ሹመቷን ሲነግራት እጇን ጨብጦ ጥቂት አመነታና ለልጁ ልደት መጥታ ፊኛ ትመታ እንደሆነ ጠየቃት። «ክፍሌን ላስተካክልና እናያለን» አለችው።

ወሬውን ለሽማግሌው ስትነግራቸው ጓሮ ነበሩ፤ ሳንቃውን ጋደም አድርገው እግሩን አዲስ ብሎን እየገጠሙለት።

«ኃላፊ ማለት ምን ይሠራል?» አሏት።

«ሌሎቹ ሲወስኑ ከኋላ ሆኖ ያያል። ሲሳሳቱ ደግሞ የሚጠየቀው እሱ ነው።»

«ራሱ አይገመግምም?»

«ከእንግዲህ ጥቂት ብቻ።»

ሽማግሌው አሰቡበት። «ይከብድሻል» አሉ። «ራስሽ ብትሠሪው ይቀልሽ ነበር። ግን ትችዪዋለሽ። በይ አሁን ያንን ጫፍ ያዥልኝ፤ ይህ ብሎን አልገባም አለኝ።»

ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ የሳንቃውን ጫፍ ያዘች። እሳቸውም መፍቻውን አንስተው ማጥበቅ ጀመሩ።